«መዝገብ የለውም» ያልኩበት ቀን

ሥራ ካቆምኩ ወዲህ ሰዎች እቤቴ ድረስ እየመጡ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል። አብዛኞቹ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ሱቅ፣ መድኃኒት ቤት ወይም የትራክተር መለዋወጫ መደብር ያላቸው የአገሬ ልጆች ናቸው። «ሰዓዳ፣ አንቺ በዚህ ነገር ዕድሜሽን ጨርሰሻል። የድርጅቴን መረጃ እኔው ጋ ባለ ኮምፒውተር ላስቀምጥ ወይስ ክላውድ ለሚሉት ልስጠው?» ይላሉ። አጭር መልስ ነው የሚፈልጉት። እኔም አጭር መልስ ብሰጣቸው ደስ ባለኝ። ግን በሥራ ዘመኔ አጭሩን መልስ ሁለት ጊዜ ሰጥቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተሳስቻለሁ። በአንደኛው ስህተቴ ሰው ሞቷል። ስለዚህ ረጅሙን ልጻፈው፤ የፈለገ ያንብበው።

የተወለድኩት መተማ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት ጎንደር። ደርግ ከወደቀ ብዙም ሳይቆይ ገላባት ላይ ጨርቅ ይሸጥ ወደነበረው አጎቴ ተሻገርኩ። ጥቂት ወር አብሬው ከሠራሁ በኋላ በጭነት መኪና በዶካ በኩል አድርጌ ገዳሪፍ ገባሁ። የአማርኛ ትምህርቴና ቁርኣን ቤት የለመድኩት የዐረብኛ ጽሕፈት አንድ ላይ ሆነው ሥራ አስገኙልኝ። ዶክተር ኢማድ የሚባሉ ሱዳናዊ ሐኪም ሠላሳ አልጋ ያለው የግል ሆስፒታል ከፍተው ነበር። በሰሊጥና በማሽላ አጨዳ ጊዜ ከድንበሩ ማዶ የሚመጣው ሠራተኛ ሲታመም ወደ እሳቸው ይመጣል፤ ቋንቋውን የሚሰማለት ሰው ግን አልነበረም። በካርድ ክፍል ቀጠሩኝ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለምግብ ይበቃ ነበር፤ ስለ እሱ ይህ ይበቃል።

ሥራውን ያስተማሩኝ አያ ስዩም ናቸው። ጎንደር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ብዙ ዓመት የሠሩ፣ በጦርነቱ ጊዜ ወደ ገዳሪፍ ተሰደው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የሚቆልፉ። በዚያ ሙቀት እንኳ ያችን የላይኛዋን ቁልፍ ፈተው አይቼ አላውቅም። ካርድ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ። የበሽተኛውን ስም ቶሎ አይጽፉም። መጀመሪያ ሰውየው በገዛ አፉ እንዲጠራው ያደርጋሉ፤ እሳቸው ደግመው ይሉታል፤ «ልክ ነኝ?» ብለው ይጠይቁታል። ከዚያ በኋላ በዐረብኛ ይጽፉና ከሥሩ በእርሳስ በአማርኛ ይደግሙታል። ገብረ ሕይወት የሚለው ስም በዐረብኛ ስንት ዓይነት ሆኖ እንደሚጻፍ ያየ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የእያንዳንዱን ካርድ ዋና ነገር በትልቅ ደብተር ይገለብጣሉ፤ ደብተሩ የሚቀመጠው ከካርድ ክፍሉ ርቆ ከግቢው ማዶ ባለው የዶክተሩ ቢሮ ነው። ሐሙስ ሐሙስ፣ ለዓርብ ከመዘጋቱ በፊት፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው በእጃቸው ከመደርደሪያው አምስት ካርድ ይመዛሉ። ያንን ይዘው ግቢውን ይሻገሩና ከደብተሩ ጋር ቃል በቃል ያስተያያሉ። ወባ ይዟቸው እየተንቀጠቀጡ እንኳ ሲያደርጉት አይቻለሁ።

በመጀመሪያው ወር አንድ ሠራተኛ መጥቶ ካርዱን ፈልጌ አጣሁትና «የለም» አልኩት። አያ ስዩም ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ማን ነው የለም ያለሽ?»

«ፈለግሁት እኮ፤ የለም።»

«አንቺ የምታውቂው አለማግኘትሽን ብቻ ነው። ‹አላገኘሁትም› በይው። ሐኪሙ ‹የለም› የሚለውን ሲሰማ ሌላ ነገር ነው የሚሠራው።»

ያን ጊዜ የሽማግሌ ነገር መስሎኝ አለፍኩት።

ኮምፒውተሩ ሲመጣ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ ነበር። ዶክተር ኢማድ ከካርቱም አስመጡት፤ የበሽተኛ መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራምም በባለሙያ አሠሩ። ካርዶቹን ሁሉ መክተብ የእኔ ሥራ ሆነ። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ዐቧራው ማሽኑ ውስጥ እንዳይገባ በእርጥብ ጨርቅ መስኮቱን እሸፍን ነበር። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ የገዳሪፍ ዋልካ ጭቃ በሰው እግር እየተለጠፈ እስከ ጠረጴዛዬ ይደርሳል፤ በሩ ላይ ቆሜ ጫማ አስወልቅ ነበር። ከትቤ ስጨርስ የወረቀት ካርዶቹ ወደ ዕቃ ቤት ሄዱ፤ እዚያም አንዱን ዝናብ፣ አንዱን ምስጥ በላው። አያ ስዩም አልተስማሙም ነበር። «ይሁን፤ ደብተሩ ግን ይቀጥል» አሉ። ዶክተሩ ሳቁና «ስዩም፣ ማሽን አይረሳም» አሏቸው። በዚያው ዓመት አያ ስዩም ሥራ አቆሙ፤ ክፍሉ ለእኔ ቀረ።

በደብተሩ ምትክ ትንሽ ሃርድ ዲስክ ተሰጠኝ። ሐሙስ ሐሙስ ከኮምፒውተሩ ጋር አያይዤ አንዲት ቁልፍ እጫናለሁ፤ ጥቂት ቆይቶ «ቅጂው ተጠናቋል» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ዲስኩን ነቅዬ ዶክተሩ ቢሮ እቆልፍበታለሁ። ለዓመታት አንድም ሐሙስ አልዘለልኩም። ያልኮራሁበት ቀን የለም ማለት እችላለሁ። አንድ ነገር ብቻ አላደረግሁም፤ ቅጂውን ከፍቼ አላየሁትም።

ጄኔሬተሩ እየተነሳ እየጠፋ ባስቸገረበት በአንድ በጋ መብራቱ በኃይል ተመለሰና ኮምፒውተሩ ውስጥ አንዳች ነገር ጮኸ። የተቃጠለ ሽታ መጣ። አልደነገጥኩም፤ ቅጂ አለኝ። አዲስ ማሽን ተገዝቶ ዲስኩን ሰካሁት። መዝገቡ ተከፈተ። የመጨረሻውን ስም ሳይ ግን ሰባት ወር ያለፈው ነበር።

የሆነውን በኋላ ደረስንበት። ባለሙያው ከሰባት ወር በፊት ፕሮግራሙን እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ወደ አዲስ ቦታ አዛውሮት ነበር፤ የቅጂው ትእዛዝ ግን የድሮውን ቦታ መቅዳቱን አላቆመም። በየሐሙሱ የማይለወጥ፣ የቆመ መዝገብ ስገለብጥ ኖሬአለሁ። ማሽኑ አልዋሸም፤ ያዘዝነውን ጨርሷል። የጠፋው ሰባት ወር ደግሞ ያለፈውን ክረምትና አጨዳውን ይጨምራል፤ ሆስፒታሉ ከአፍ እስከ ገደፉ የሚሞላበትን ጊዜ።

ዶክተር ኢማድ በር ዘግተው አነጋገሩኝ። «ይህን ነገር አታውሪው። በሽተኛ ይፈራል። የሚመለስ ካለ አዲስ ፋይል ክፈቺለት፤ ታሪኩን እንጠይቀዋለን» አሉኝ። እሺ አልኩ። አፍሬ ስለነበር ዝም በይ መባሉ እንደ ምሕረት ነበር የሆነልኝ።

ማሩ የመጣው ከሦስት ወር በኋላ ነው። የቋራ ልጅ ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሁለት ጓደኞቹ ከጭነት መኪና አውርደው በክንዱና በክንዱ ይዘው አስገቡት። ካላዛር እንደያዘው ለማወቅ ሐኪም መሆን አላስፈለገኝም፤ ፊቱ ጠቁሯል፣ ሆዱ በግራ በኩል ወጥቷል፣ ሸሚዙ ከትከሻው ላይ ይንሸራተታል። በዚህ አገር ዋልካ መሬት ላይ፣ ዛፍ ሥር የሚያድር ሠራተኛ ከአንዲት ትንሽ ዝንብ የሚያገኘው በሽታ ነው። መስኮቴ ላይ ተደግፎ አየኝና ፈገግ አለ።

«እህቴ፣ እዚህ ነበርኩ እኮ። ታውቂኛለሽ።»

ፊቱን አውቀዋለሁ። ባለፈው አጨዳ ለሳምንታት ተኝቶ ነበር። ምን እንደተደረገለት ግን አላስታውስም፤ በቀን ስንት ሰው እንደማይ አስቡት።

«ስትታከም የሰጡህ ወረቀት አለህ?» አልኩት።

«ዝናብ በላው። ካርዴን እይው፤ እዚያ ላይ ይኖራል።»

ስሙን ጻፍኩ። አልወጣም። እንደማይወጣ አውቅ ነበር፤ ግን ደግሜ ጻፍኩ። በዚህ መሀል ዶክተር ሳሚ የሚባሉ አዲስ ሐኪም ከኋላዬ መጡ። ከመጡ ሁለት ሳምንታቸው ነው፤ ስለጠፋው መዝገብ የነገራቸው የለም። ማሩን የምታውቀው ነርስ ሲስተር ዐዋጢፍ ደግሞ ፈቃድ ወጥታ ነበር።

«ፋይል አለው?» አሉኝ በዐረብኛ።

ሰልፉ እስከ ግቢው በር ደርሷል። ሰው ያየናል። ዶክተር ኢማድ አታውሪ ብለውኛል። ምክንያት ሁሉ ነበረኝ፤ እውነቱ ግን ማፈሬ ነው። «ነበረው፤ እኛ አጠፋንበት» ለማለት አፌ እምቢ አለኝ።

«የለውም» አልኩ።

ዶክተር ሳሚ እንደ አዲስ በሽተኛ ተቀበሉት። ጥፋት የለባቸውም። ማሩን በአስተርጓሚ ጠይቀውታል፤ «መርፌ ወግተውኝ ነበር፤ ከዚያ ሌላ ሰጡኝና ዳንኩ» ብሏቸዋል። ያን ሁሉ ትኩሳት ይዞት የሚናገረውን ማን አጥርቶ ይሰማዋል? በሽታው ተረጋገጠ፤ በዚያ ጊዜ ለሁሉም የሚሰጠው የየቀኑ መርፌ ታዘዘለት። በአራተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ልቡ ቆመ።

በማግሥቱ ሲስተር ዐዋጢፍ ከፈቃድ ተመለሰች። ስሙን ከመዝገብ ላይ አይታ ወደ ካርድ ክፍሌ መጣች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

«ሰዓዳ፣ ይህ ልጅ እኮ ያ መርፌ ልቡን ያስቸገረው ነው። ባለፈው ዓመት በሦስተኛው ቀን ነው ያቆምነው። ሌላ መድኃኒት ከካርቱም አስመጥተን ነው የዳነው። በቀይ ጽፈንበት ነበር። አንቺ ራስሽ ነሽ በቀይ ያስገባሽው።»

እኔ ራሴ ነኝ። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ፕሮግራሙ ቀይ ቀለም እንዲቀበል ለማድረግ ስታገል እንደነበር ሁሉ ትዝ አለኝ።

ከክፍሉ ወጥቼ በቀጥታ አያ ስዩም ቤት ሄድኩ። እግራቸውን አሟቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። የሆነውን ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም።

«ቅጂውን ከፍተሽ ታይው ነበር?» አሉኝ በመጨረሻ።

«አላይም ነበር።»

 ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡኝ በወደድኩ።

«ልጁ ሰው አለው?»

«ወንድም አለው። ከሐዋታ እርሻ ተጠርቶ መጥቷል።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ተመለስኩ። ወንድሙ ጥጋቡ ከግቢው በር አጠገብ ካለው የኒም ዛፍ ሥር፣ የማሩን ልብስ በፌስታል ይዞ ተቀምጧል። አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እንዴት እንደምጀምር አላወቅሁም፤ ስለዚህ እንዳለ ነገርኩት። ካርድ እንደነበረው፣ ካርዱ ላይ ያ መርፌ እንዳይሰጠው ተጽፎ እንደነበር፣ ካርዱ በእኔ እጅ እንደጠፋ፣ ሐኪሙ ሲጠይቁኝ የለውም እንዳልኩ።

ጥጋቡ ፌስታሉን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወረው።

«እሱስ ነግሮሽ ነበር?»

«ነግሮኛል። ካርዴን እይው ብሎኛል።»

«ስለዚህ ተናግሮ ነበር።»

«ተናግሮ ነበር።»

«እኔ ደግሞ አፉን ይዞት፣ ሳይናገር ቀርቶ ነው የሞተው ብዬ ነበር እዚህ ስቃጠል የዋልኩት» አለ። ከዚያ አለቀሰ። እኔም ከእሱ ጋር አለቀስኩ፤ ይቅር በለኝ አላልኩትም፤ በዚያ ሰዓት እንዲያ ብሎ መጠየቅ ሌላ ሸክም መጨመር መሰለኝ። ሲነሳ ግን እጁን ዘረጋልኝና ከመሬት አነሳኝ። ይቅር ማለቱ ይሁን የአገር ልጅ ወጉ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ለዶክተር ኢማድ ለወንድምየው መንገሬን ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ግን አልጮሁም። «ዝም በይ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አሉ። ልልቀቅ ብላቸው «ከአንቺ ሌላ ይህን የማይረሳ ሰው ከየት አመጣለሁ?» ብለው እምቢ አሉ። በሳምንቱ ሐኪሙንም ነርሱንም ጠባቂውንም ሰብስበው የጠፋው ሰባት ወር የትኛው እንደሆነ በራሳቸው አፍ ተናገሩ፤ በየክፍሉም ተለጠፈ። በዚያ ጊዜ የታከመ ሰው ሲመጣ እንደ አዲስ እንዳይታይ፣ ሐኪሙም ጊዜ ወስዶ እንዲጠይቀው ታዘዘ።

ክላውድ የሚባለውን መጀመሪያ የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ካርቱም ካለ አንድ ኩባንያ ንግግር የሚያውቅ ሰው መጣ። መዝገባችን ውጭ አገር በትላልቅ ማሽኖች፣ በተለያየ ቦታ እንደሚቀመጥ፣ እሳትም ዐቧራም እንደማይነካው፣ እኛ በኢንተርኔት ብቻ እንደምንከፍተው አስረዳ። ዶክተር ኢማድ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ምን ትያለሽ?»

«ከእኔ ይራቅ» አልኩ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። በገዛ እጄ ላይ የነበረኝ እምነት አልቆ ነበር።

መጀመሪያዎቹ ዓመታት መልካም ነበሩ፤ መልካምነታቸውን መካድ አልችልም። ዶካ ላይ ትንሽ ቅርንጫፍ ተከፈተ። ዶካ የታየ ሰው ገዳሪፍ ሲመጣ ካርዱ ቀድሞት ይደርሳል። ከዚህ በፊት መንገዱ በጭቃ ሲዘጋ ካርዱም ሰውየውም ዶካ ይቀሩ ነበር። አንዴ አንዲት ነፍሰ ጡር በትራክተር ተጎትታ ስትደርስ የደሟ ዓይነት ምን እንደሆነ፣ በመጀመሪያው ወሊድ ምን እንደገጠማት እዚህ ተነብቦ አዋላጇ ተዘጋጅታ ነበር የጠበቀቻት። እናቲቱም ልጇም ተረፉ። ኮምፒውተሬ ቢቃጠል ሌላ ኮምፒውተር መክፈት ብቻ ነው። ቀስ በቀስ ሐሙስን ተውኩት። ቅጂውን የሚያዩት እነሱ ናቸው፤ ከእኔ የተሻሉ ባለሙያዎች ናቸው ብዬ።

አንድ ጠዋት የይለፍ ቃሌን አስገብቼ ስጠብቅ ሌላ ገጽ መጣ። ይህ አገልግሎት እርስዎ ባሉበት አገር አይሰጥም ይላል። ሌላ ምንም የለውም። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ዶካ ደወልኩ፤ እነሱም ያንኑ አይተዋል። ካርቱም ያለው ኩባንያ ምክንያቱ አገሪቱ ላይ ያለው ማዕቀብ እንደሆነ፣ ማሽኖቹ ያሉበት አገር ሕግ እንደማይፈቅድላቸው፣ እሱ ራሱ ከእኛ ጋር አንድ ላይ እንደተዘጋበት ነገረን። ያ ንግግር የሚያውቀው ሰው በስልክ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። ጥፋተኛ ነው አልልም፤ እሱም የማያውቃቸው ሰዎች የጻፉት ሕግ ነው በሩን የዘጋበት።

ከሁለት ሳምንት በላይ ያለ መዝገብ ሠራን። ሐኪሞቹ መስኮቴ ላይ መጥተው «ፋይል አለው?» ሲሉኝ በያንዳንዱ ጊዜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «አለው፤ እኛ ግን ልናየው አንችልም፤ እባክዎ እሱን ይጠይቁት» እል ነበር። በቀን ምናልባት አርባ ጊዜ። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ አልኩት። አንዲት ሴት የሆድ ቀዶ ሕክምናዋ ዘገየ፤ አንድ ሽማግሌ የስኳር መድኃኒታቸውን መጠን ባለማወቃችን ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኙ። እኔ እስከማውቀው ድረስ የሞተ የለም። በመጨረሻ ኩባንያው በሌላ አገር በኩል ለምኖ መዝገቡን አወጣልን። በሙሉ እንደመጣ ለማረጋገጥ ሦስት ቀን ከወንበሬ አልተነሳሁም።

ከዚያ ዶክተር ኢማድ ቢሮ ገባሁ።

«እዚህ ግቢ ውስጥ የራሳችን ሰርቨር ይኑረን፤ ሩቅ ያለውም ይቅር አልልም፤ ይኑር» አልኳቸው።

«ከእኔ ይራቅ ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ያን ጊዜ ፈርቼ ነው።»

«አሁንስ?»

«አሁንም እፈራለሁ። ግን ያን ጊዜ የፈራሁት ራሴን ብቻ ነበር።»

ወጪው ሁለት እጥፍ መሆኑን አስታወሱኝ፤ ትንሽ አጉረመረሙ፤ በመጨረሻ ፈረሙ። ሰርቨሩን የሚያቀዘቅዘው መሣሪያ ሳይቀር ከእሳቸው ቢሮ ተነቅሎ መጣ። መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ ገዛን። ፕሮግራሙ በግቢው ማሽን ላይ እንዲሠራ፣ ማታ ማታ ደግሞ ተቆልፎ ማዕቀብ ወደማያግደው ሌላ ኩባንያ እንዲላክ አደረግን። ሐሙስም ተመለሰ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የበሽተኞች ስም የተደረደረበትን ወረቀት በጣቴ እነካለሁ፤ ያረፍኩበትን አምስት ስም መጀመሪያ ከሩቁ ቅጂ፣ ከዚያ ከግቢው ማሽን ከፍቼ ቃል በቃል አስተያያለሁ። ከክፍሉ ያለፉ ሰዎች «ሰዓዳ ትጸልያለች» እያሉ ይቀልዱ ነበር። አያ ስዩም ያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም።

በኋላ አገሩ በታመሰበት ዓመት ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ በገዳሪፍ ስንቱ ድርጅት መዝገቡን ማየት እንዳልቻለ አውቃለሁ። እኛ ሠራን። ለዶካ ቅርንጫፍ ደግሞ የተቆለፈ ፍላሽ በታሸገ ፖስታ አድርገን በሳምንት ሁለት ጊዜ ለአንድ የአውቶቡስ ሹፌር እንሰጥ ነበር፤ ሹፌሩ ከሸሚዙ ኪስ ከትቶ እጁን ሳያነሳበት ነው ዶካ የሚደርሰው ይሉ ነበር።

እንግዲህ ለነጋዴዎቹ የምላቸው ይህንን ነው። ቤትህ ያለው ማሽን ይቃጠላል፤ ሩቅ ያለው በር ይዘጋል። ሁለቱም ሆኖ አይቻለሁ። ስለዚህ የት ላስቀምጥ ብለህ ስትጠይቀኝ እኔ መልሼ የምጠይቅህ መጨረሻ ከፍተህ ያየኸው መቼ ነው ብዬ ነው። ቀኑን ካልነገርከኝ የትም ብታስቀምጠው የለህም። ደግሞ አንድ ቀን ሲጠፋብህ፣ ይጠፋብሃልና፣ ጠፋብኝ በል።

ሥራ የማቆምበት ዓመት ሲደርስ ዶክተር ኢማድ አርጅተው ሆስፒታሉን ሸጡ። አዲሶቹ ባለቤቶች በሌሎች ከተሞችም ሆስፒታል ያላቸው ናቸው፤ ሁሉንም መዝገብ በአንድ ክላውድ አደረጉት፤ ማዕቀቡም ላልቶ ነበር። የላኩት ሥራ አስኪያጅ ሙዓዝ ይባላል፤ ጨዋ ሰው ነው። የቦታ ክፍያ በመዝገቡ ብዛት ስለሆነ ከአሥር ዓመት በላይ ያልመጡ ሰዎች መዝገብ እንዲጠፋ ታዘዘ። ያንን መሥራት የእኔ የመጨረሻ ሥራ ሆነ። ዝርዝሩን አወጣሁት። አብዛኛው የአጨዳ ሠራተኛ ነው፤ አንድ ጊዜ መጥቶ ያልተመለሰ። ሙዓዝን «እነዚህን ተዋቸው» አልኩት። «ኡስታዛ ሰዓዳ፣ አይመጡም እኮ» አለኝ። 

እሱ ከፊቴ ተቀምጦ ዝርዝሩን እያየን ሳለ ጠባቂው አንድ ሽማግሌ አስገባ። ጋቢ ለብሰዋል፤ በገላባት በኩል ነው የመጡት። አማርኛቸውን የሚሰማላቸው ቢታጣ ወደ እኔ መሯቸው። ወንበር ሰጠኋቸው።

«ልጄ ሙሉቀን ይባላል» አሉ። «ሙሉቀን ይርጋ። ለሰሊጥ አጨዳ ብሎ ወጣ። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆነው። አብሮት የነበረ ሰው በኋላ መጥቶ ገዳሪፍ ሆስፒታል ገብቶ እዚያው ሞተ አለን። እናቱ ለቅሶ ተቀመጠች። ከሞተ የተቀበረበትን ልይ ብዬ ነው። በየሆስፒታሉ እየጠየቅሁ ነው።»

የልጁን ስም እንዲደግሙልኝ ጠየቅሁ፤ ደገሙት። ጻፍኩ። ከሚጠፉት ዝርዝር ውስጥ ነበር።

«አባቴ፣ አግኝቼዋለሁ» አልኳቸው። እጃቸው ጋቢውን ጨበጠ። ቃል በቃል አነበብኩላቸው፦ «ሙሉቀን ይርጋ፤ ዕድሜ ሃያ፤ ከአለፋ። ወባና የሳንባ ምች። ለዘጠኝ ቀን ተኝቷል። ትኩሳቱ ለቆታል፤ ይበላል። በእግሩ ወጣ።»

«ምን አልሽ?»

«በእግሩ ወጣ ይላል።»

«ሰው ተሸክሞት አይደለም?»

«አይደለም። ተሸክመውት ቢሆን እንደዚያ ይጻፋል። በእግሩ።»

«ታዲያ አልሞተም ብዬ ልንገራት?»

ሙዓዝ ምን እንደምንል ባይሰማም ፊታችንን እያየ ነበር። ሽማግሌው መልሴን ይጠብቃሉ። አዎ ማለት ቀላል ነበር።

«እዚህ አልሞተም ብለው ይንገሯት» አልኳቸው። «ድኖ፣ በልቶ፣ ከዚህ በእግሩ ወጥቷል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም።»

«ከዚያ ወዲያ አታውቂም።»

«አላውቅም፤ አባቴ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ያነበብኩትን አትሜ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ በአማርኛም ከሥሩ ጽፌ ሰጠኋቸው። ለሙዓዝ የሆነውን በዐረብኛ ነገርኩት። ዝርዝሩን ትንሽ አየውና ገጹን ዘጋው። «ለጊዜው ይቆይ» አለ። እኔ ከወጣሁ በኋላ ምን እንዳደረገው አልሰማሁም።

ሽማግሌውን እስከ ግቢው ሸኘኋቸው። ግቢው በሁለት በኩል በር አለው፤ አንደኛው በኋላ የተሠራ ነው። መሀል ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«በየትኛው በር ነው የወጣው?» አሉኝ።

ያን ጊዜ የነበረው አንድ በር ብቻ ነው። በጣቴ አሳየኋቸው። ወረቀቱን በደረታቸው በኩል ከትተው በዚያው ወጡ።